ገላውዴዎስ በላቲን «አንካሳ» ማለት ነው? ለልጃችን ስሙን ልናወጣለት ነበር

የሰኔ_አባት
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልደናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባቴ የአባታቸውን ስም እንድናወጣለት ለመኑን። የአያቴ ስም ገላውዴዎስ ነበር። ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው፣ ባለቤቴም እሺ ብላ ነበር። ከዚያ እህቷ ልትጠይቃት መጣችና ነገሩ ተበላሸ። እህቷ የጤና ባለሙያ ነች። «ገላውዴዎስ ማለት እኮ ክላውዲየስ ነው፤ በላቲን ክላውዱስ አንካሳ ማለት ነው፤ እኛም በሕክምና ሲራመዱ እግር ላይ የሚመጣውን ሕመም ክላውዲኬሽን የምንለው ከዚያው ነው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ስሙን መስማት አትፈልግም። አባቴ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል። አርባው እየደረሰ ነው፣ የልደት ሰርተፍኬትም ማውጣት አለብን። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ለማጽናናት ብላችሁ ሳይሆን እውነቱን።

የመንቆረር_ልጅ
እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድሜ ስሙን አውጣለት። ገላውዴዎስ የሰማዕት ስም ነው፣ የንጉሥ ስም ነው። ላቲኑን ማን ጠየቀህ? እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት። ከተማችን ድሮ መንቆረር ነበር የምትባለው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ያሏት። ማርቆስም የላቲን ስም ነው። ማርኩስ የሚባለው ከማርስ፣ ከሮማውያን የጦርነት አምላክ ጋር የተያያዘ ስም ነው። ታዲያ በከተማችን አንድም ሰው «የጣዖት ስም ነው» ብሎ ሲጨነቅ አላየሁም። ስሙን ሲሰማ ሁሉም የሚያስበው ወንጌላዊውን ነው።

ፊደል_ወዳድ
እንኳን ደስ አላችሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እህቷ ያለችው ከመሬት ተነሥታ አይደለም። ክላውዱስ በላቲን «የሚያነክስ» ማለት ነው፤ ብዙ የስም መዝገቦችም ክላውዲየስን ከዚህ ቃል ጋር ያገናኙታል። ግን አንድ ነገር አለ። ክላውዲየስ መጀመሪያውኑ ለአንድ ሰው የወጣ ስም አልነበረም፣ የወገን ስም ነበር። ሮማውያን ብዙውን ጊዜ ሦስት ስም ነበራቸው፦ የራስ ስም፣ የወገን ስም፣ ከዚያ ደግሞ የቅርንጫፉ ወይም የቅጽል ስም። ክላውዲየስ መካከለኛው ነው። እንደ እኛ የአባት ስም በየትውልዱ የሚቀየር አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ለብዙ መቶ ዓመት ይዞት ይኖራል።

ይህ ቤተሰብ ደግሞ መነሻው ሮም አይደለም። የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ሊቪና ስዌቶንዮስ እንደሚተርኩት ሳቢን ከሚባል የጎረቤት ሕዝብ ነው የመጣው። በባህላዊው አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ504 ዓመት አንድ የሳቢን ባላባት ተከታዮቹን ሁሉ ይዞ ወደ ሮም ገባ። በአገሩ ሳለ ስሙ አቱስ ክላውሱስ ነበር። ሮም ሲገባ አፒየስ ክላውዲየስ ተባለ። አያችሁ? የስሙ የቀድሞ መልክ የሳቢን ቃል ከሆነ በላቲን ቋንቋ መፍታት ራሱ አጠያያቂ ነው። ስሙ ላቲን ከሆነ በኋላ ሰሚው ከሚያውቀው ቃል ጋር አገናኘው፤ ክላውዱስ በጣም ይቀርበዋልና። ደግሞ ክላውዴሬ የሚባል ሌላ የላቲን ግሥ አለ፣ «መዝጋት» ማለት ነው፤ ክላውሱስም ከዚያ ብንወስደው «የተዘጋ» ይሆናል። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ከሄድን ማቆሚያ የለውም።

ስለዚህ «ገላውዴዎስ ማለት አንካሳ ማለት ነው» ብሎ እንደ መዝገበ ቃላት ፍቺ መናገር ልክ አይደለም። «ከጥንት ጀምሮ ከዚያ ቃል ጋር ሲያያዝ የኖረ፣ መነሻው ግን በእርግጥ ያልታወቀ የሮማ ቤተሰብ ስም ነው» ማለት ነው ልክ የሚሆነው።

ከፍራንክፈርት
እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። እዚህ ክላውስ የሚባል ስም ሞልቷል፣ እሱ ራሱ ነው አይደል? ማንም አንካሳ ነው ብሎ አያስብም።

ፊደል_ወዳድ
ክላውስ ሌላ ስም ነው። የኒኮላውስ አጭር መጠሪያ ነው፣ ኒኮላዎስ ደግሞ ግሪክ ነው። የገላውዴዎስ ወንድሞች በጣሊያን ክላውዲዮ፣ በፈረንሳይ ክሎድ ናቸው። ሰዓሊው ክሎድ ሞኔና የሙዚቃ ደራሲው ክሎድ ደቡሲ የልጁ ሞክሼዎች ናቸው ማለት ነው። በሴት ሲሆን ክላውዲያ ይሆናል፤ በሐዲስ ኪዳንም በ2ኛ ጢሞቴዎስ መጨረሻ ላይ ሰላምታ ከሚልኩት መካከል በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አለች።

ነርስ_ነኝ
ስለ ክላውዲኬሽን ልጨምር፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ። ሕመሙ ወደ እግር የሚሄደው የደም ሥር ሲጠብ የሚመጣ ነው። ሰውየው ትንሽ ሲራመድ ባቱ ይያዛል፣ ሲቆም ይተወዋል፣ እንደገና ሲራመድ ይመለሳል። ቃሉ የመጣው ክላውዲካሬ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፣ ማነከስ ማለት ነው። ከሰው ስም አልመጣም። አንዳንድ ሰው በሮማው ንጉሥ በክላውዲየስ ስም የተሰየመ በሽታ ይመስለዋል፣ አይደለም። እህቷ ቃሉን በትክክል ነው ያወቀችው፤ ከቃሉ ወደ ሕፃኑ ስም መዝለሏ ነው ያስቸገረው። ያውም አራስ ቤት ገብቶ እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር! አራስ ሴት ሁሉ ነገር ይከብዳታል፣ እንቅልፍ የላት፣ ሰውነቷ ገና አልጠገነ። እባክህ ወንድሜ ባለቤትህን በዚህ ስም ጉዳይ አታጨናንቃት።

ቀጥታ_ተናጋሪ
እኔ ከሁላችሁም የተለየ ሐሳብ አለኝ። የስም ትርጉም ዋጋ አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን ስም ስናወጣ ትርጉም አስበን ነው የምናወጣው። ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ ስሙን በስልኩ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው «አንካሳ» የሚለውን ነው፣ የፊደል_ወዳድን የሳቢን ታሪክ አይደለም። ልጆች ደግሞ ጨካኞች ናቸው። የላቲን መነሻ ያለው የነገሥታት ስም ከፈለጋችሁ ሌላ ሞልቷል። ፊቅጦር አለ፣ ቪክቶር ማለት ነው፣ አሸናፊ። ዮስጦስ አለ፣ ጻድቅ፣ ፍትሐዊ ማለት ነው። ቆስጠንጢኖስ አለ፣ ጽኑ ከሚለው ቃል የመጣ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው የመረጡት የንግሥና ስም ነው። ለምን በጥያቄ ምልክት የተሞላ ስም ለሕፃን ይሸከማል?

የሰኔ_አባት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ነርስ_ነኝ ባለቤትህን አታጨናንቃት ስትዪኝ ዝም ማለት ከበደኝ።

ልጃችን ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ነበሩ። ክለብ ፉት ይሉታል። ሐኪሞቹ ይስተካከላል ብለውናል፣ ጄሶ ማድረግ ጀምረውለታል፣ በየሳምንቱ እየፈቱ እንደገና ያስራሉ። ባለቤቴ ያን ሁሉ በጥንካሬ ነው የያዘችው። እህቷ ያንን ትርጉም ስትናገር ግን ዓይኗ እግሩ ላይ ሄደ። «ስሙን ከማውጣታችን በፊት ነው ስሙ የመጣበት» አለች። ለዚህ ነው ለማጽናናት ብላችሁ አትንገሩኝ ያልኳችሁ። አባቴም እግሩን አይተው ነው ስሙን የጠየቁት፤ ትርጉሙን ግን አያውቁም።

ነርስ_ነኝ
ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ስለ እግሩ ልንገርህ። ጄሶው በጊዜ ከተጀመረ ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው። እግሩን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እየመለሱ በየሳምንቱ በአዲስ ጄሶ ይይዙታል፤ ብዙ ልጆች ላይ ተረከዙ ጋ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላቀቃል፤ ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ ይደረግለታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚሸነፈው። እግሩ የተስተካከለ ስለሚመስል ጫማውን ያወልቁታል፣ እግሩም ተመልሶ ይዞራል። ጫማውን መጀመሪያ ሦስት ወር ገደማ ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ያድርግ፣ አደራ። በሥርዓቱ የተከታተሉ ልጆች ሮጠው፣ ኳስ ተጫውተው ያድጋሉ። የስሙን ነገር ለሌሎች እተዋለሁ፣ የጫማውን ግን አልተውም።

በክራንች_የምሄድ
ይህን ክር ከላይ ጀምሬ አንብቤ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

እኔ በሕፃንነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በክራንች ነው የምሄደው። ቀጥታ_ተናጋሪ፣ ለልጁ ተቆርቁረህ እንደጻፍህ ይገባኛል፣ ቅር አላለኝም። ግን እዚህ ሁሉም ሰው «አንካሳ» የሚለውን ቃል እንደ እርግማን ይዞት እየሸሸ ነው። አንዱ «አይደለም፣ ሳቢን ነው» ይላል። አንዱ «ስሙን ቀይሩት» ይላል። ማነከስ እርግማን አይደለም። የእግር ነገር ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስማር ያስለቀሱኝ ልጆች ስሜን አልተረጎሙም፣ ስሜ ቆንጆ የአማርኛ ስም ነው፤ እግሬን አይተው ነው ያስለቀሱኝ። ያዳነኝ ደግሞ ስም አይደለም፤ እናቴ ናት። በሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ እግሬን በነጠላ ሸፍና አታውቅም።

ልጃችሁ እግሩ ይስተካከላል፣ ነርሷ እንዳለችው። ግን ባይስተካከል እንኳ ስሙ አንገቱን የሚያስደፋው መሆን የለበትም። ለእናቱ እንዲህ በልልኝ፦ ከዚህ ቃል ሸሽታ ስሙን ብትቀይር ልጁ አድጎ ታሪኩን ይሰማል። «ለምን አያቴ የፈለጉትን ስም ተዋችሁት?» ይላል። መልሱ ምን ይሆናል?

ሮማ_የኖርኩ
ወንድሜ በክራንች_የምሄድ፣ እጅ ነሥቻለሁ። በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት ክሩን።

በዚህ ስም በዓለም ሁሉ የታወቀው ሰው የሮማው ቄሣር ክላውዲየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ41 እስከ 54 የነገሠው። እውነትም ያነክስ ነበር፣ አንደበቱም ይያያዝ ነበር። ስሙ ግን ከዚያ አልመጣም፤ ቤተሰቡ እሱ ከመወለዱ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚጠራበት ስም ነው። ታዲያ ቤተሰቡ በጣም ነበር የሚያፍርበት። የገዛ እናቱ አንቶኒያ «ተፈጥሮ ጀምራ ያልጨረሰችው ሰው» ትለው እንደነበር ስዌቶንዮስ ጽፏል። ከሕዝብ ፊት ደበቁት፣ ሥልጣን ከለከሉት። እሱም ተቀምጦ አነበበ፣ ጻፈ። ከሮማውያን በፊት በጣሊያን የገነኑትን የኤትሩስካውያንን ታሪክ በሃያ መጽሐፍ፣ የሮም ባላንጣ የነበረችውን የካርታጎን ታሪክ በስምንት መጽሐፍ በግሪክኛ ጻፈ። በላቲን ፊደል ላይም ሦስት ፊደላት ጨምሮ ነበር፣ ከሞተ በኋላ ቀሩ እንጂ።

ከዚያ ከእሱ በፊት የነገሠው ቄሣር ካሊጉላ ተገደለ። ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱን ሲበረብሩ ይህን ሁሉም የናቀውን ሰው ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ አገኙትና ቄሣር አደረጉት። በ43 ሠራዊቱ ብሪታኒያ ገባ። ኦስትያ ላይ ወደብ አሠራ። ወደ ሮም ውኃ የሚያመጣውን ትልቁን የድንጋይ ቦይ አስጨረሰ፣ በስሙ አኳ ክላውዲያ ይባላል። እኔ ሮም ስኖር በባቡር ወደ ሥራ ስሄድ ቅስቶቹን በመስኮት አያቸው ነበር፣ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነበር አልልም፤ ብዙ ሰው አስገድሏል፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደተጻፈውም አቂላና ጵርስቅላ ከሮም የወጡት አይሁድ ይውጡ ብሎ ስላዘዘ ነው። ግን ጨርሶ አይሆንም የተባለ ሰው ነበር፣ እና ሆነ።

የመንቆረር_ልጅ
ቆይ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቀላውዴዎስ ነው የሚለው በ«ቀ»። ገላውዴዎስ እሱ ነው?

ፊደል_ወዳድ
አዎ፣ አንድ ስም ነው። ላቲኑ ክላውዲየስ ወደ ግሪክ ሲገባ ክላውዲዮስ ሆነ። ከግሪክ ወደ ግብፅ ክርስቲያኖች ሄደ፣ በዐረብኛም አቅሉዲዮስ ይሉታል። እኛ ዘንድ ሁለት መልክ ይዞ ቀረ። ቄሣሩ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቀላውዴዎስ ሆነ፣ ሰማዕቱና ንጉሣችን ደግሞ ገላውዴዎስ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤዎስ» የግሪኩ «ኢዮስ» ነው፤ ቆርኔሌዎስም እንዲሁ ነው፣ ኮርኔልዩስ የሚባል ሌላ የሮማ ቤተሰብ ስም። የሚገርመው በቤተ ክርስቲያን ስም ሆነው የገቡ የላቲን ስሞች ብዛት ነው። ጳውሎስ «ትንሽ» ማለት ነው። ሩፎስ «ቀይ» ነው። አቂላ ንስር ነው። በሮሜ መልእክት መጨረሻ ላይ መልእክቱን የጻፈው ጠርጥዮስ ስሙ «ሦስተኛ» ማለት ነው፣ እዚያው አጠገቡ ያለው ቁአስጥሮስ ደግሞ «አራተኛ»።

በነገራችን ላይ ሮማውያን በሰውነት ቅርጽ ስም መስጠት አያፍሩም ነበር። ቄቁስ ማለት ዕውር ነው፤ በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት ታላቁን የአፒያ መንገድ ያስጀመረው ሰው አፒየስ ክላውዲየስ ቄቁስ ነው፣ ያው ከዚሁ ቤተሰብ። ናሶ አፍንጫም ነው፣ ስትራቦ ዓይነ ሸውራራ ነው፣ ካልቩስ መላጣ ነው። እነዚህን ስሞች ይዘው መንግሥት መርተዋል፣ ግጥም ጽፈዋል። እኛም አገር ቢሆን እኮ ኢማም አሕመድ በታሪክ የሚታወቁት «ግራኝ» በሚለው ነው፣ በግራ እጃቸው የሚጠቀሙ ስለነበሩ።

ቀጥታ_ተናጋሪ
በክራንች_የምሄድ፣ የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ። የልጁ እግር ነገር ሲነገር ግን ጥያቄዬ ይበልጥ ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም። ሌላ ልጅ ቢሆን ትርጉሙ ያልፋል። ይህ ልጅ ግን ጄሶ እግሩ ላይ አለ። ሰው ሲያውቅ «አይተው ነው ያወጡለት» አይልም? እናቱ የፈራችው ይህንን ነው ብዬ አስባለሁ፣ ፍርሃቷም የሞኝ ፍርሃት አይደለም።

ሰንበት_ተማሪ
ሰው ሲያውቅ? ስንት ሰው ላቲን ያውቃል? እኛ አገር ገላውዴዎስ ሲባል የሚታወቀው ሰማዕቱ ነው። ሰኔ 11 ነው በዓሉ። የአንጾኪያ ሰው ነበር፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ለጣዖት አልሰግድም ብሎ ወደ ግብፅ ተወስዶ በሰማዕትነት አለፈ። በድሮ ሥዕሎቻችን ላይ እንደ ጊዮርጊስና እንደ መርቆሬዎስ በፈረስ ላይ ሆኖ ነው የሚሣለው፣ ግማሹ ሰው ግማሹ አውሬ የሆነ ፍጡር በጦር ሲወጋ። የላቲኑን ክላውዱስ ማንም አስቦት አያውቅም። የሕፃኑ አባት በመጠሪያህ «የሰኔ» ብለሃል፤ ልጁ የተወለደው በሰኔ ከሆነ ስሙ ከወሩም ጋር ይሄዳል።

ታሪክ_አፍቃሪ
ዐፄ ገላውዴዎስን ማንም በደንብ አላነሣም፣ እኔ ላንሣ። ለእኔ ይህ ስም በአማርኛ ትርጉም ያገኘው በእሳቸው ነው።

የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1540 ነው፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት እንኳ ሳይሞሉ። አባታቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ከቦታ ቦታ ሲሸሹ ኖረው ደብረ ዳሞ ላይ ያረፉበት ዓመት ነው። ታላቅ ወንድማቸው ዓመት ቀደም ብሎ በጦርነቱ ሞቷል። ስሙ ማን ይመስላችኋል? ፊቅጦር! ቀጥታ_ተናጋሪ «አሸናፊ ማለት ነው» ብሎ ያቀረበው ስም። አሸናፊ የተባለው ልዑል ወደቀ፣ «አንካሳ» ነው የሚባለውን ስም የያዘው ታናሹ ግን አገሪቱን አቆማት። እናታቸው እቴጌ ሰብለ ወንጌል በሕይወት ነበሩ፤ በ1541 ምጽዋ ከገባው የፖርቱጋል ጦር ጋርም አብረው ዘመቱ። የጦሩ መሪ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። ንጉሡ የቀረውን ሰብስበው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ፤ ኢማም አሕመድ ወደቁ፣ ጦርነቱም አበቃ።

ደግሞ ተዋጊ ብቻ አልነበሩም። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የአገሩን ሃይማኖት ሲነቅፉ በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፈው መለሱ። ሰንበትን ለምን እንደምናከብር፣ ስለ ግርዛት፣ የአሳማ ሥጋ ለምን እንደማንበላ፣ አንድ በአንድ ረጋ ብለው አስረዱ። የተቆጣ ሰው ጽሑፍ አይደለም፣ አንብቡት። በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ጦር ሜዳ ላይ ወደቁ። ልጅ ስላልነበራቸው ወንድማቸው ሚናስ ነገሡ።

ሌላም ገላውዴዎስ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1672 የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል በግእዝ የጻፈው መነኩሴ ስሙ ገላውዴዎስ ነው። እሷ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ጻፈው። ዛሬ ስለዚያች ሴት በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠናው ሁሉ ከዚያ መነኩሴ ብዕር የወጣ ነው።

ቀጥታ_ተናጋሪ
የፊቅጦርን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ዮስጦስ አሁንም አለ።

ፊደል_ወዳድ
ዮስጦስ ቆንጆ ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1711 እስከ 1716 የነገሡት ዐፄ ዮስጦስም አሉ። ግን የአያትየው ስም አይደለም። ይህ ቤተሰብ በዝርዝር ውስጥ ስም እየመረጠ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ስም እየጠየቁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ያ የክላውዲየስ ቤተሰብ ራሱ ስም ይጥል ነበር። የጣለው ግን በትርጉም አይደለም። ስዌቶንዮስ እንደጻፈው ከቤተሰቡ ሉክዮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሽፍትነት አንዱ በነፍስ ግድያ ስለተፈረደባቸው፣ ሉክዮስ የሚለውን ስም ተዉት። ሉክዮስ እኮ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ስም ነው! ትርጉሙ ብርሃን ሆኖም ጣሉት፣ ምክንያቱም ባለስሞቹ አዋረዱት። ከ«የሚያነክስ» ጋር የሚያያዘውን ክላውዲየስን ግን ይዘውት ኖሩ።

በክራንች_የምሄድ
እኛስ? ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስንት ሰዎች አሉ። ከእነሱ በፊት ሰው ሞቶ ነው እኮ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚወጣው። ስሙን ስንጠራ ሐዘኑን አንጠራም፤ ሰውየውን ነው የምንጠራው።

የሰኔ_እናት
እናቱ ነኝ። ባለቤቴ ስልኩን ሰጥቶኝ ሁሉንም አነበብኩት። ልጁ ጡት ይዞ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ እለፉኝ።

ነርስ_ነኝ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስለ ጫማው ማንም እንዲህ አላስረዳንም ነበር። እህቴንም አትፍረዱባት፣ ልጄን የምትወደው እሷ ናት፣ ጄሶ ሲቀየር አብራኝ የምትሄደው እሷ ናት።

በክራንች_የምሄድ፣ ስለ እናትህ የጻፍኸውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ እግሩን በጋቢ ስሸፍን ነበር። ዛሬ አማቴ መጡ። አልሸፈንኩትም። ትርጉሙንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «አባቴ ከፈረስ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ በምርኩዝ ነበር የሚሄደው፣ እስኪሞት ድረስ። እኔ የማውቀው ገላውዴዎስ እሱን ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ይህን አያውቅም ነበር፣ እሱ ከመወለዱ በፊት ነው ያረፉት። እግሩን አይተው ስሙን ለምን እንደጠየቁ ያኔ ነው የገባን።

ስሙን እናወጣለታለን። ቀጥታ_ተናጋሪ፣ የጠየቅኸው የእኔን ጥያቄ ነበር። ሌላ ማንም አልጠየቀልኝም፣ አመሰግናለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይጻፋል። በምን እንጀምረው? ወንድሜ ከአሜሪካ «እንደ ፈረንጆቹ በሲ ጻፉት፣ ይቀልለዋል» ይላል።

ሮማ_የኖርኩ
እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ። በጂ ጀምሩት፣ እንደሚጠራው። በሲ ከጻፋችሁት ክላውዲዮ ነው የሚሉት፣ ገላውዴዎስ የሚለው ይጠፋል። እኔ ጣሊያን ሳለሁ ስሜን ለእነሱ እንዲመች ቀይረውልኝ ለማስመለስ ብዙ ቢሮ ዞሬያለሁ።

ነርስ_ነኝ
እኔም በጂ እላለሁ። ዋናው ግን አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። የሆስፒታል ካርዱ፣ የክትባት ካርዱና የልደት ሰርተፍኬቱ ፊደል በፊደል አንድ ይሁኑ። በኋላ ፓስፖርት ስታወጡ አንዲት ፊደል ብትለይ ያመላልሷችኋል። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ እስካሁን «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ከሆነ የተጻፈው፣ በሚቀጥለው የጄሶ ቀን ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ሂዱና በስሙ አስቀይሩት።

የሰኔ_አባት
ማክሰኞ ነው ጄሶው። ይዘን እንሄዳለን።